ራሱን ያልለካው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ስሙ ይመኑ ይባላል። የሚኖረው የእህል ንግድ በደራባት፣ ሰዎቿ ለጋስና ተጫዋች በሆኑባት አንዲት የቆላ ከተማ ነው። ሱቁ ከገበያው ፊት ለፊት ነበር። በሩ ላይ የስፌት መኪናው፣ ከኋላው ደንበኛ የሚለካበት መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ደግሞ ለተጠማ ሁሉ የሚቀመጥ የውሃ ማሰሮ አለ። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱ የሻረግ «ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ከነጠላው ሥር አገኘዋለሁ» እያለች ታማዋለች።

ይመኑ አንድ ወፍራም ደብተር ነበረው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ዳኛውም ቄሱም ባለ ሥጋ ቤቱም፣ ወገቡና ደረቱ በዚያ ደብተር ላይ ተጽፏል። ደንበኛ ሲመጣ የድሮውን ልክ ያያል፣ አዲሱን ከጎኑ ይጽፋል። ከተማው ውስጥ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ እንደሚለካ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ ነበር። ልብሱ ጠቦት ስፌቱን ያስለቀቀ ሰው እንደ ተሾመ ሰው ይቆጠራል። ጎረቤቱ «ተመችቶሃል» ይለዋል። እሱም ደስ ብሎት ለልብስ ሰፊው በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ከነማሩ፣ ከሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጋር ይልካል። ይህ ስጦታ የማስለቀቂያ ይባላል። የማስለቀቂያ ያልላከ ሰው ንፉግ ነው፤ የማስለቀቂያ መጥቶለት ያልበላ ልብስ ሰፊ ደግሞ ምቀኛ ነው። ይመኑ ምቀኛ መባልን አይወድም። ስለዚህ የመጣለትን ሁሉ ሳህኑን እስኪጠርግ ይበላ ነበር፤ አንዳንድ ሳምንት ሦስት፣ አንዳንድ ሳምንት አራት ጊዜ።

የከሳ ሰው ግን ወዮለት። ንግዱ ወድቆ ነው ይባላል፤ ሚስቱ አታበላውም ይባላል፤ አለዚያም ስሙ የማይጠራ በሽታ ይዞታል ይባላል። «ምነው ከሳህ?» የተባለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባና በዚያው ቀን ሁለት ራት ይበላል።

ከይመኑ ደንበኞች አንዱ መምህር ጥላዬ ነበር። መምህሩ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሱሪውን አስለቀቀ፤ አራት ጊዜም የማስለቀቂያ ላከ። አንድ ክረምት ላይ ግን አምስት ሱሪ ተሸክሞ መጣና ሁሉም እንዲጠቡለት ጠየቀ። ይመኑ ምግብ ቀንሶ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ እንዲያውም ከድሮው በላይ እንደሚበላ ነገረው። ልኩ ተወስዶ እስኪያልቅ መምህሩ ከማሰሮው አራት ጣሳ ውሃ ጠጣ። ሁለት ጊዜም ይቅርታ ጠይቆ ወደ ጓሮ ወጣ።

ይመኑ ይህን ነገር ከዚህ በፊት በሌላ ሰው ላይ እንዳየው ትዝ አለው። «መምህር፣ ሐኪም ይዩ» ሊል ፈለገ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ምክንያቱም በዚያች ከተማ ቆሞ የሚሄድን ሰው «አሞሃል» ማለት ማሟረት ነው፤ ሟርተኛ የተባለ ልብስ ሰፊ ደግሞ ለሰርግ ልብስ የሚጠራው የለም። ስለዚህ «ቅጥነትም ያምርብዎታል» አለና ሱሪዎቹን አጠበባቸው።

ከአምስት ወር በኋላ መምህር ጥላዬ በክራንች ተደግፎ መጣ። እነዚያኑ አምስት ሱሪዎች መኪናው ላይ አስቀመጠና የቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ጫፉ እንዲዘጋለት ጠየቀ። ይመኑ ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ስኳር ነው አሉኝ» አለ መምህሩ። «አዲስ ጫማ ተረከዜን ላጠኝ። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር ሳምንት ሙሉ አላወቅኩትም። በሽታው ለካ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። ቀደም ብሎ ተመርመር የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ ዛሬ በሁለት እግሬ እቆም ነበር።»

መምህሩ ይህን ሲል ማንንም መውቀሱ አልነበረም። ይመኑ ግን ራሱ የተወቀሰ መሰለው። ሱሪዎቹን አንድ በአንድ ዘጋቸው። እንደዚያ ቀን እጁ ከብዶት አያውቅም። ሥራውን ሲጨርስ ደብተሩን አውጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አገላበጠ። ልካቸው ለዓመታት እየሰፋ ሄዶ ድንገት የጠበበ ሌሎች ሰባት ሰዎች አገኘ። አንዳንዶቹ ከማሰሮው ደጋግመው ሲጠጡ በዓይነ ኅሊናው መጡበት። ከሰባቱ ሦስቱን ራሱ ቆሞ ቀብሯቸዋል። ይመኑ ሐኪም አይደለም፤ ሜትር የያዘ ሰው ነው። ያም ሆኖ ሜትሩ የነገረውን ዝም ብሎ መዋጡ አንገበገበው። ከእንግዲህ ጉሮሮው ላይ የደረሰን ቃል እንደማይመልስ ለራሱ ማለ።

መሐላው የተፈተነው በሳምንቱ ነው። የእህል ነጋዴው አቶ መንበሩ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ የማስለቀቂያውን አስቀድሞ በሰሃን አስይዞ ከተፍ አለ። መንበሩና ይመኑ አብሮ አደጎች ናቸው። መንበሩ ሳቁ ገበያ የሚያቋርጥ፣ ቤቱ ገብቶ ሳይበላ የወጣ ሰው ካለ ሌሊቱን የማይተኛ ዓይነት ሰው ነው። የልጁ ሰርግ ሦስት ወር ቀርቶታል። ኮቱ ደግሞ ሊቆለፍ እምቢ ብሏል።

«ይህችን ኮት ልቀቅልኝ» አለ።

«አልለቃትም» አለ ይመኑ።

መንበሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ይመኑ አልሳቀም። ኮቷ አምስት ጊዜ መለቀቋን፣ ስኳር የሚባለው በሽታ ሲጀምር እንደማያም፣ ወገቡ እንዲህ እየሰፋ የሄደ ሰው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ መመርመር እንደሚገባው ነገረው። ተመርምሮ ሲመጣ ኮቷን እንደ ንጉሥ ልብስ አሳምሮ እንደሚሠራለትም ቃል ገባ።

የመንበሩ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይመኑ፣ የልጄ ሰርግ ደርሶ ታሟርትብኛለህ?»

«ማሟረት ይህ ከሆነ፣ ለመምህር ጥላዬም ባሟርትለት ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር።»

መንበሩ ወዳጁን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «የከተማውን ወገብ ሁሉ ጽፈሃል» አለው። «ያንተ ስንት ነው?»

ይመኑ አያውቀውም። ለሰው ሁሉ በልክ እየሰፋ፣ እሱ ግን አሥር ዓመት ሙሉ የለበሰው ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ነው። ላስቲክ ደግሞ አይናገርም፤ አብሮ ይለጠጣል። መንበሩ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ መዘዘና ወገቡን ዙሪያውን አሰረው። የመንበሩ ልክ ደብተሩ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ነበር። የይመኑ መቶ አሥራ ስድስት ሆነ። መንበሩ ሳቁ አሸነፈውና ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተዘረፈጠ።

ይመኑ አፈረ። ፊቱ እሳት ሆነ። ያም ሆኖ ቃሉን አላጠፈም። ወዳጁ ስቆ እስኪጨርስ ጠብቆ፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ቁርስ ሳይቀምሱ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ጠየቀው። መንበሩ የይመኑን ጉድ ለማየት ሲል እሺ አለ። የመጣውን የማስለቀቂያ ግን ሁለቱም ቁጭ ብለው ጨረሱት። ምርመራው ነገ ነዋ!

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ሲስተር ብርነሽ የምትባል፣ ፈጣን አነጋገር ያላት ነርስ ነበረች። መጀመሪያ የመንበሩን ጣት ወጋች። ስኳሩ ጠርዝ ላይ መድረሱን፣ ገና በሽታ እንዳልሆነ፣ አሁን ከተጠነቀቀ ላይሆንም እንደሚችል ነገረችው። ቀጥላ የይመኑን ጣት ወጋች። ማሽኑን አየችና ሌላ ጣት ወጋች። ከዚያም ደሙን ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ ይመኑ አስጠግታ ውሃ ብዙ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

ይመኑ የለም አለ። ማሰሮውን በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚሞላ፣ የሚጨርሰው ግን ደንበኛ እንደሆነ አስረዳ።

«ይመኑ» አለ መንበሩ ቀስ ብሎ። «ጣሳው መቼ ካንተ እጅ ወርዶ ያውቃል?»

ነርሷ ስለ ዓይኑም ጠየቀችው። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ካቃተው ወራት እንደሆነው፣ ክሩ ተበላሽቷል ብሎም የክር ነጋዴውን ሦስት ጊዜ መጣላቱን ተናገረ። ሲስተር ብርነሽ አልሳቀችም።

«ክሩ አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። «የስኳር በሽታ አለብዎት፤ የቆየ ይመስላል። እንዲህ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ የዓይንዎን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ጉዳቱ ከገፋ ደግሞ ብርሃንዎን ሊያጡ ይችላሉ። ዛሬ ከጀመርን ግን ዓይንዎን ለማትረፍ ጊዜ አለን።»

ይመኑ ፈራ። ሰባቱን ሰዎች በደብተር ሲያገኛቸው ስምንተኛው ራሱ ይሆናል ብሎ አላሰበም። እጁን አየው፣ ከዚያ መስኮቱን አየው። መስኮቱ ጠርዙ ብዥ ብሎበታል፤ ለካ ከድሮም ብዥ ይልበት ነበር። ልብስ ሰፊ ያለ ዓይን ምን ሊሆን ነው? ከስፌት በቀር ሌላ ሙያ የለውም። የሚያሳርፈው ልጅ የለውም። ዓይኑ ከጠፋ ቤቱም አብሮ ይጠፋል።

ነርሷ የምትለውን ሁሉ በጥሞና ሰማ። መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥ፣ ለስላሳውንና ጣፋጩን እንዲተው፣ ከሳህኑ ግማሹን ጎመንና ሰላጣ እንዲያደርገው፣ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ እንዲራመድ፣ እግሩን እያገላበጠ እንዲያይ፣ ዓይኑን ሆስፒታል ሄዶ እንዲያሳይ፣ በየወሩም ወደ እሷ እንዲመለስ አዘዘችው። ቀጭን ሰውም በዚህ በሽታ እንደሚያዝ፣ ውፍረት ግን መንገዱን እንደሚጠርግለት ጨምራ ነገረቻቸው። ወጥተው ገበያው ጋ ሲደርሱ ግን መንበሩ ጠርዝ ማለት ገና ማለት እንደሆነ፣ ጥንቃቄውንም ከሰርጉ በኋላ እንደሚጀምር ተናገረ። ኮቱንም ከገበያው ማዶ ወዳለ ሌላ ልብስ ሰፊ ወሰዳት። ኮቷም ለስድስተኛ ጊዜ ተለቀቀች።

የይመኑ ፈተና የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱን መዋጥ አልከበደውም። መራመዱም ቢሆን ከሳምንት በኋላ ቀለለው። የከበደው ሰው ነው። የማስለቀቂያውን ሲመልስ ባለ ሥጋ ቤቱ አኮረፈ፤ የቄሱ ሚስት ቤቷን የናቀባት መሰላት። ወገቡ መጉደል ሲጀምር ደግሞ ወሬው ተነሳ። በመንበሩ ላይ ያሟረተው ሟርት ለራሱ ዞረበት ተባለ። ጎረቤቶች የሻረግን በመንገድ እያስቆሙ ባሏን በራብ እንደምትገድለው ነገሯት። የሻረግ ጥርሷን ነክሳ ቻለች፣ ቻለችና አንድ ቀን አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹሮው ውስጥ በስውር ቅቤ ትጨምር ጀመረች።

ይመኑ ቅቤውን በምላሱ ለየው። አልተቆጣትም፤ የከተማው ምላስ ያደረሰባትን ያውቃል። እጇን ይዞ ወደ ሲስተር ብርነሽ ወሰዳት። ነርሷም ዓይን ምን እንደሆነ፣ ስኳር ምን እንደሚያደርገው ሥዕል አውጥታ አሳየቻት። የሻረግ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ይዞ የመጣን እንግዳ ከነጠርሙሱ ከደጅ የምትመልስ ዘበኛ ሆነች፤ ይመኑ ራሱ አንዳንዴ ይፈራት ጀመር።

እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን ወደቀ። ዳኛው ካባቸውን አስለቀቁና የማስለቀቂያውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ይመኑ ሲበላ ለማየትም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ለዳኛ እምቢ ማለት ከበደው። ጨጨብሳውን ከነማሩ በላ፤ ሁለቱንም ለስላሳ ጠጣ። አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የመጣለትን አልመለሰም። በሳምንቱ መጨረሻ ዓይኑ ጉም ለበሰ። የመዘምራን ቀሚስ ሲሰፋ የግራውን እጅጌ በቀኝ በኩል ገጠመው። ፈትቶ እንደገና ሰፋው፤ አሁንም አዟዙሮ ገጠመው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ እንደ ለማጅ ሲሳሳት አይቶ ቀሚሱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ ደብተሩን አወጣ። አዲስ ገጽ ከፍቶ «ይመኑ» ብሎ ጻፈ። ወገቡን ለክቶ ሥሩ አሰፈረው፤ የስኳሩንም መጠን ከጎኑ ጨመረ። በማግስቱም ሱቁን ከፍቶ ለገባው ሰው ሁሉ ያለ እፍረት ተናገረ። ስኳር እንዳለበት፣ የማስለቀቂያ ከእንግዲህ እንደማይቀበል፣ እበላለሁ ማለት ዓይኔን ልስጥህ ማለት እንደሆነበት አስረዳ። ግድ የሆነበት ካለ ጎመን ይላክልኝ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ለማላገጥ አንድ ጭነት ጎመን ላከለት። የሻረግ አመስግና ተቀበለችና ለሦስት ቀን ቀቀለችው። ልብስ ለማስጠበብም ለማስለቀቅም የመጣን ሁሉ፣ ውሃ ጥም ያለበትንም የሌለበትንም፣ ሳይመረመር እንዳይቀር ይመክር ጀመር። ግማሹ ደንበኛ ሄደበት። ይመኑ ግን አፉን አልዘጋም።

ሦስቱ ወር ሞላና የመንበሩ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ዳሱ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ይመኑ ከሚስቱ ጋር መጥቶ በሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ከእሱ ጎን ጥቂት ወጥ፣ አንድ እንጀራ ይዞ ተቀመጠ። ዓይን ሁሉ ሳህኑ ላይ ነው። ከሙሽራዋ አክስቶች አንዷ «ይህ ለሰርግ የመጣ ሰው ነው ወይስ ሱባኤ የገባ ባሕታዊ?» ስትል ሰማት፤ ጎመኑን ጎረሰ።

በዚያ መሃል መንበሩ ትልቅ ሰሃን ይዞ እንግዳውን እያጎረሰ መጣ። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ አንድ ላይ የተጠቀለለ የቡጢ ያህል ጉርሻ ይዞ ይመኑ ፊት ቆመ። ባለ ሰርግ ያጎረሰውን መመለስ በዚያ አገር ቂም መያዝን በአደባባይ ማወጅ ነው። ኮቷን እምቢ ማለቱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ደግሞ ጉርሻውን ከመለሰ የአርባ ዓመት ወዳጅነት እዚያው ዳስ ውስጥ ያበቃል። ከጎረሰ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጡት ዳኛው ናቸው፣ ከዳኛው ቀጥሎ ባለ ሥጋ ቤቱ፤ አንዱን ጎርሶ ሌላውን መመለስ አይቻልም። ባለፈው ያ አንድ ሳህን ምን እንዳመጣበት አልረሳም።

«አፍህን ክፈት» አለ መንበሩ። «ዛሬ የልጄ ቀን ነው።»

ይመኑ ተነስቶ ቆመ። «መንበሩ፣ የምታጎርሰኝ ስለምትወደኝ ነው?»

«ታዲያ ጠላቴን አጎርሳለሁ?»

«እንግዲያው ዓይኔን ተውልኝ። የልጅ ልጅህን የክርስትና ልብስ በዚህ ዓይኔ እያየሁ መስፋት እፈልጋለሁ።»

መንበሩ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። የወጡ ቅባት በእጁ አንጓ ወርዶ የኮቱን እጅጌ አራሰው። ወዳጁን አየው፤ ከሦስት ወር በፊት መስኮት እያየ የተቀመጠውን ሰው አስታወሰ። አብሮት ያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ነርሷ የተናገረችውን ሁሉ ሰምቷል። ሰምቶ ይህን ጉርሻ ጠቅልሎ መምጣቱ አሳፈረው። ጉርሻውን ወደ ሰሃኑ መለሰ። እጁን በፎጣ ጠረገና ወደ እንግዳው ዞሮ፣ ይመኑ ከእሱ ጋር ቂም የለውም አለ። የተሳሳተው ስኳር ያለበትን ወዳጁን ሊያጎርስ የመጣው እሱ እንደሆነ፣ ሌላም ማንም በግድ እንዳያጎርሰው፣ ያጎረሰ ሰው ካለ የሚጣላው ከባለ ሰርጉ ጋር እንደሆነ ተናገረ። ዳኛው ያዘጋጁትን ጉርሻ ቀስ ብለው ራሳቸው ጎረሱት።

ከዚያ መንበሩ የይመኑን እጅ ይዞ ወደ ከበሮው ሳበው። ያላጎረስኩትን ያህል አብረን እንጨፍር አለው። ሁለቱ አብሮ አደጎች መሃል ገቡ። ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ይመኑ ትከሻው ቀልሎታል፤ ሦስት ዙር ወጥቶ አላለከለከም። መንበሩ ግን በሁለተኛው ዙር ትንፋሽ አጠረው። የዳሱን ምሰሶ ይዞ ቆመ፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሙሽራዋ ልጁ ከመቀመጫዋ ሆና በሥጋት አየችው። እሱም አያት። ለሰርጓ ይህን ሁሉ ሲደግስ፣ ከሰርጓ በኋላ ስንት ዓመት አብሯት እንደሚኖር አስቦ አያውቅም ነበር።

«ጠዋት የምትራመደው ስንት ሰዓት ነው?» አለ ትንፋሹ ሲመለስ።

«አሥራ ሁለት ተኩል።»

«ነገ እኮ መልስ አለብን።»

«መልሱ ከሰዓት በኋላ ነው» አለ ይመኑ።

መንበሩ ላቡን ጠረገ። «እንግዲያው በሬን አንኳኳ። አልነሳም ብል እንኳ ትተኸኝ እንዳትሄድ።»

በማግስቱ ይመኑ አንኳኳ። መልስ የለም። ደግሞ አንኳኳ። መንበሩ ዓይኑን እያሸ፣ ጫማውን አዟዙሮ ተጫምቶ ወጣ። ይመኑ ጫማውን አስቀይሮት ሁለቱም መንገድ ጀመሩ።

ወዳጆቼ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ውፍረት ሁልጊዜ ምቾት አይደለም፤ ክሳትም ሁልጊዜ ውርደት አይደለም። ስኳር ሲገባ በር አያንኳኳም፤ ሳያም፣ ሳያቆስል ዓመታት አብሮ ይቀመጣል። መኖሩን የሚያሳውቀው ግምት ሳይሆን ምርመራ ነው፤ ምርመራውም የአንዲት ጠብታ ደም ጉዳይ ነው። የወፈረን ሰው ማሳፈር አያድነውም፤ «ተመችቶሃል» ብሎ ማሞገስም አያድነውም። ሐኪም የመከረውን የሚፈጽምን ሰው «ከሳህ» እያሉ ወደ ገደሉ መመለስ ደግሞ በፍቅር ስም የሚሠራ በደል ነው። ወዳጅ ማለት ሟርተኛ መባልን ችሎ እውነቱን የሚናገር፣ ተናግሮም «አብረን እንሂድ» የሚል ነው። እናንተስ፣ በዚህ ሳምንት ልባችሁ እየጠረጠረ «ተመችቶሃል» ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ ደውላችሁ ነገ ጠዋት አብራችሁት ለመመርመር ብትቀጣጠሩ ምን ይቀርባችኋል?